በአንድ መስመር የተሰረዘ ገጽ

አዳማ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሆድሽስ? ጾሙን እንዴት ይዘሽዋል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከአንቺ ሐሳብ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። አክስቴ ሽታዬም ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሙቀቱ በርትቶብናል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ይግላል።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው። ስልኩ የሰውየው፣ የባልሽ ነው። ስደውል የሚያነሳው እሱ ነው፤ አንቺን ሲያገናኘኝም ድምፁን ከፍ አድርጎ አጠገብሽ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን ብቻሽን ልታወሪኝ ብለሽ በሹክሹክታ ስትጀምሪ የሰውየው የፈረስ ጋሪ ቃጭል ተሰማና ወዲያው ስለ ቲማቲም ዋጋ ማውራት ጀመርሽ። ያን ቀን ነው ልቤ የሸፈተው። ነገ ቅዳሜ ሱሌማን በሚኒባሱ ይህን ወረቀት ይዞልሽ ይመጣል። ለአንቺ ብቻ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች ብለሽ ነው የምታውቂው። እውነት ነው፣ የብርጭቆ ብልቃጥ አጥባለሁ። ግን ደግሞ ለዝንቦች ምግብ እሠራለሁ። አትሳቂ። በበሰለ ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት፣ ዓይናቸው ቀይ የሆነ ጥቃቅን ዝንቦች አሉ አይደል? እነሱን ነው። የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾና ስኳር በትልቅ ድስት አፈላለሁ፣ እንዳይሻግት መከላከያ እጨምርበታለሁ፣ በየብልቃጡ አፈስሳለሁ፣ ሲረጋ ዝንቦቹ ይገቡና አፉ በጥጥ ይደፈናል። አክስቴ ሽታዬ፣ «ሰው ዝንብ ያባርራል፣ አንቺ ትቀልቢያለሽ!» ትለኛለች። እዚያ የሚማር ጠሃ የሚባል የአርሲ ልጅ ደግሞ ሼፍ እያለ ነው የሚጠራኝ። ጠዋት ጠዋት ድስቱን ከፍቶ፣ «ሼፍ፣ ዛሬ ጾም ነው ፍስክ?» ይላል። እኔ ጎንበስ ብዬ ብልቃጤን አጥባለሁ።

የሥራው ኃላፊ ዶክተር ኑኃሚን ትባላለች። በመጀመሪያ አንቱ ስላት፣ «ዕድሜዬን አታስረዝሚው» ብላ ከለከለችኝ። አንድ ቀን ነይ ብላ በማጉያው አሳየችኝ። የዝንብ አንጀት ነው አለችኝ። ከፀጉር ይቀጥናል፣ ግን ማጉያው ውስጥ እንደ መንገድ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። «እነዚህ እናት ሕዋሳት ናቸው» አለችኝ። የአንጀት ግድግዳ ምግብ ሲመላለስበት እንደ ጫማ ሶል ያልቃል አሉ። ሲያልቅ እናቶቹ ለሁለት እየተከፈሉ አዲስ ይተካሉ።

ለአንዳንዶቹ ዝንቦች አንጀት የሚልጥ መድኃኒት በስኳር ውኃ ይሰጧቸዋል። የተጎዱት ሕዋሳት ከመሞታቸው በፊት መልእክት ይልካሉ፤ «እደጉ፣ ተከፈሉ» የሚል። እናቶቹ ላያቸው ላይ የዚያ መልእክት መቀበያ አላቸው። መልእክቱ ሲደርሳቸው ይከፈላሉ፤ በሦስት አራት ቀን ግድግዳው ይሸፈናል። መቀበያቸው የተዘጋባቸው ዝንቦችም አሉ። እነሱ ዘንድ መልእክቱ ይላካል፣ የሚሰማ ግን የለም፤ አንጀታቸው እንደሳሳ ይሞታሉ።

እኔ ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን፣ «የሚጎዳቸው ነገር ባይቆምስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዶክተር ቀና ብላ አየችኝ። «መልእክቱም አይቆምማ» አለችኝ። «እናቶቹ ያለ እረፍት ይከፈላሉ። ግድግዳው ሥርዓቱን ያጣል፣ እብጠት ያወጣል። ለመዳን መጀመሪያ የሚጎዳው ነገር መነሳት አለበት።» ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንቺን ሳስብ ነበር።

እማዬ፣ አንቺን የሚጎዳሽ ነገር አልተነሳም።

አስቢው። ለጥምቀት እዚህ መጥተሽ አሥር ቀን ስትቀመጪ ሆዴን አላልሽም። የአክስቴን ቀይ ወጥ በሚጥሚጣ በልተሻል። ጉልበትሽ ብቻ ነበር ደረጃ የከለከለሽ። ባቱ ተመለስሽ፣ ሆድሽ ጀመረ። በየካቲት አስመለሰሽ። ባለፈው ደግሞ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ ብለሽ አፍረሽ ነገርሽኝ። ሰውየው የሚሰጥሽ ምንድን ነው? ተልባ ነው ይላል። ተልባ እኮ እንደዚያ አይጠቁርም፤ ለጥምቀት በኮዳ ይዘሽ የመጣሽው የድሮው ተልባችን እንደዚያ አልነበረም፣ አሁን ግን ጥቁር ነው መራራ ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ። የሚወቅጠውስ የት ነው? ፈረሱ ጋ፣ ጓሮ። የፈረስ ቁስል ዱቄት በቆርቆሮ የሚያስቀምጠው እዚያው አይደለም? ደግሞ ስለ ቤቱ ካርታ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ ብለሽኛል። የአባቴ ቤት ካርታ ለእሱ ምኑ ነው?

ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም ትይኛለሽ። እኔንም ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እያለ ነው የሚጠራኝ። ይበልጥ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ የማይቆጣ ሰው ምን እየጠበቀ ነው? እኔ ጋሽ ማለት አቅቶኛል። አፌ አልታዘዝ ይላል።

ስለዚህ እባክሽ፣ ተልባውን አትጠጪ። አመሰግናለሁ ብለሽ ተቀበዪና ዞር ሲል ድፊው። ካርታውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ለሱሌማን ስጪልኝ። እኔ የምልክልሽን የጉልበት ክኒን ግን እንዳታቋርጪ። በዚያ ቤት ውስጥ የእሱ እጅ ያልነካው እሱ ብቻ ነው። በሰማያዊ ላስቲክ አዲስ ልኬልሻለሁ፤ እንደተለመደው ጠዋትና ማታ ነው፣ ጉልበትሽ ከባሰ ሁለት ሁለት ዋጪ። ካለቀብሽ ወዲያው ላኪብኝ።

ሱሌማን ጠዋት ስለሚመጣ እዚህ ላይ ላቁም።

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ጸሎተ ሐሙስ

እናቴ፣ ይህ ወረቀት ቅዳሜ አልደረሰሽም። የሱሌማን መኪና ሞጆ ላይ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባ። ቅዳሜ መነኸሪያ እስከ አምስት ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁት፣ በልቤም ረገምኩት። ሰውየው ነው ያስቀረው ብዬ እስከማሰብ ደርሻለሁ። አሁን ግን ያቺን መኪና ያበላሸ ጌታ የተመሰገነ ይሁን እላለሁ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገርሽ፤ ቀጥታ መናገር ስላልቻልኩ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስንገባ ንጹሖቹ ዝንቦች ሞተው አገኘናቸው። ንጹሖቹ የምንላቸው መድኃኒት ያልቀመሱትን ነው፤ ከእነሱ ጋር እየተስተያየ ነው የሌሎቹ ጉዳት የሚታወቀው። ምግቡ ላይ በጀርባቸው ተዘርረዋል። መድኃኒት የጠጡት ግን በሕይወት አሉ። ጠሃ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «ሼፍ፣ ምን አብልተሽ ነው የፈጀሻቸው?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ደሜ ፈላ። እሑድ ሆሳዕና ስለነበር እኛ አልገባንም፤ ብቻውን የገባው እሱ ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ቁልፍም የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀኝ እንዳይጠየቅ ነው ብዬ ጨረስኩ።

ዶክተር ደብተር አስይዛኛለች፤ የሆነውን ሁሉ ጻፊ ብላኛለች። «ጠሃ መድኃኒት ጨምሮባቸዋል» ብዬ ጻፍኩና ቢሮዋ ገብቼ አሳየኋት።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችልኝ። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በእነዚያ ብልቃጦች ውስጥ የማን እጅ ምን እንዳስገባ በተራ ጻፊ። መጀመሪያ የራስሽን» አለችኝ። ለምን የእኔን ብዬ ከፋኝ፤ ግን ጻፍኩ። ዱቄት። እርሾ። ስኳር። የሻጋታ መከላከያ፣ ሁለት ማንኪያ።

«ስንት?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ምን ይላል?»

አንድ ነው የሚለው። አውቃለሁ። ግን ከሙቀቱ የተነሳ ባለፈው ሦስት ብልቃጥ ሻግቶብኝ ነበር። ደነገጥኩ። ምግባቸው ንጹሕ እንዲሆንላቸው ብዬ አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ያ ድስት የደረሰው ለንጹሖቹ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የቀድሞውን ነበር የሚበሉት። ሲበዛ እንደሚገድል አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። ለዶክተር እንዳይሻግትባቸው ብዬ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና፣ «ገብቶኛል። ዝንቦቹ ግን ይህን ማወቅ አይችሉም» አለችኝ።

ገጹን ልቀድደው ስል እጄን ያዘችኝ። «እዚህ ቤት ገጽ አይቀደድም» አለችኝ። «የተሳሳትሽውን በአንድ መስመር ሰርዥው፤ ከመስመሩ ሥር ግን ይነበብ። አጠገቡ ቀኑንና ፊርማሽን አስቀምጪ።» እንዳለችኝ አደረግሁ። ጠሃን ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ቆይ፣ ዝንብ ገደለ ተብዬ ልከሰስ ነበር?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ሼፍ ብሎ አልጠራኝም።

ማክሰኞ ከደብተሬ አንድ ገጽ ከፈትኩና ከላይ «የእናቴ ሆድ» ብዬ ጻፍኩ። የሰውየውን ጥፋት ለዶክተር በማስረጃ ላሳያት ነበር ሐሳቤ። ብዕሬን ሳነሳ ግን መጀመሪያ የራስሽን ያለችው ትዝ አለኝ። ስለዚህ በራሴ ጀመርኩ። የጻፍኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልገልብጥልሽ።

ጥር 24፦ በሱሌማን የመጀመሪያውን የጉልበት ክኒን ላክሁ።
የካቲት 2፦ እማዬ ሆዴን አመመኝ አለች።
የካቲት 22፦ ሁለተኛውን ላክሁ። ጾም ገብቷል።
የካቲት 28፦ አስመለሳት።
መጋቢት 20፦ ሦስተኛውን ላክሁ።
መጋቢት 26፦ ሰገራዬ ጠቆረ አለችኝ።

ከዚያ በታች ሰውየውን ጋሽ ፈዬራ ብዬ ጻፍኩ። ከቀኖቹ መካከል ግን እሳቸውን የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ቤታችን የገቡት አምና ሰኔ ነው። ከሰኔ እስከ ጥምቀት አብረውሽ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ሆድሽን አላመመሽም። ይህን እንዴት አላየሁም? ተልባውንስ መቼ ጀመሩልሽ? አንቺው በስልክ ነግረሽኛል፤ «ሆዴን ሲያመኝ ጊዜ አሳዘንኩት መሰለኝ ራሱ እየወቀጠ ያመጣልኛል፣ ወንድ መቁላት ያውቃል ብለሽ ነው፣ አሳርሮት መራራ ያደርገዋል» ብለሽ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ። ሳቅሽን ረስቼ መራራነቱን ብቻ ያዝኩ።

ረቡዕ የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ይዤ ገባሁ። ዶክተርን የሰው ስም ሳልጠራ፣ «ይህ ለጉልበት የሚወሰደው፣ ሆድ ይነካል እንዴ?» አልኳት። አገላብጣ አየችው። «ሕመምን ዝም ያሰኛል» አለችኝ። «የሆድን ግድግዳ የሚጠብቀውንም ነገር አብሮ ያዳክማል። ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት?»

የፋርማሲዋ ልጅ ከምግብ በኋላ ብላኝ ነበር። አሁን ድምፅዋ ሁሉ ይሰማኛል። እኔ ወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሑፌ የጻፍኩልሽ ግን «ጠዋትና ማታ» ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምሺም።

ሰገራሽ ስለመጥቆሩ ስነግራት ዶክተር ማጉያውን ትታ ተነሳች። ስልኳን ሰጠችኝ። «ሰው ዝንብ አይደለም፤ ይድናል ብለሽ አራት ቀን አትቆጥሪም። አሁኑኑ ደውዪ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለችኝ።

ያነሱት ጋሽ ፈዬራ ናቸው። «ሄሎ! ማን ልበል?» አሉ፤ ቁጥሩን ስላላወቁት ነው። «ጋሽ ፈዬራ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ከሠርጋችሁ ወዲህ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ከዚያ፣ «ኢንታላ ኮ! አካም ጅርታ? እንዴት ነሽ? ምነው፣ ደህና አይደለሽም?» አሉኝ። እኔ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እናቴን ዛሬ ሐኪም ጋ ይውሰዱልኝ፣ ሆዷ ውስጥ ደም ይፈሳል መሰለኝ፣ ክኒኑንም ይዘውት ይሂዱ፣ ከእንግዲህ አንድም እንዳትውጥ አልኳቸው።

«የትኛውን ክኒን?» አሉኝ። «አንቺ የምትልኪላትን?»

«አዎ።»

የጋሪውን ቃጭል እሰማለሁ፤ ፈረሱ ቆሞ ራሱን ሲያራግፍ ነው መሰለኝ። ቆይተው፣ «ገባኝ» አሉ። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ። አሁን ገበያ የጫንኩትን አውርጄ እወስዳታለሁ። ለእናትሽ አልነግራትም።»

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ማታ ራሳቸው ደወሉ። ሐኪሙ በጊዜ መጣችሁ እንዳለ፣ ደም አንሶሽ እንዳስተኙሽ፣ ጨጓራሽ እንደቆሰለ፣ የሚያድን መድኃኒት እንደተሰጠሽ ነገሩኝ። ነርሷ ተልባውን አይታ፣ «አባቴ፣ ይህ ከሰል ነው እንጂ ተልባ ነው?» ብላ እንደሳቀችባቸውም ነገሩኝ። ሲነግሩኝ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

እማዬ፣ እሳቸው አልነግራትም ብለዋል፣ ቃላቸውንም እንደሚጠብቁ አሁን አውቃለሁ። እኔ ግን የገለበጥኩልሽን ቀኖች ተመልከቺ። ከላይ ወደ ታች ብቻ አንብቢያቸው፣ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

የመጀመሪያውን ገጽ ልቀድደው ነበር። ሱሌማን መኪናው ተሠርቶለት ዛሬ ስለሚሄድ በንጹሕ ወረቀት ልጽፍልሽ፣ ያን ሁሉ እንዳታውቂ ላደርግ እችል ነበር። ግን ያ ወረቀት ቅዳሜ ደርሶሽ ቢሆን ምን ታደርጊ እንደነበር አስባለሁ። ስለ ጋሽ ፈዬራ ያልኩትን በአንድ መስመር ሰርዤዋለሁ። «ሁለት ሁለት ዋጪ» ያልኩትንም። ከሥሩ ይነበባል። አጠገቡ ቀኑ አለ፣ ፊርማዬም አለ። ከፈለግሽ ለእሳቸው አንብቢላቸው። በሰማያዊ ላስቲክ ያለውን አልላክሁትም።

የካርታው ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። እዚያ ላይ መስመር አላሰመርኩም። ስትድኚ ለምን እንደጠየቁሽ ጠይቂልኝ።

የዝንቧ አንጀት በአራት ቀን ይጠገናል። የሰውስ ብዬ ዶክተርን ጠየቅኋት፤ «ይቆያል» አለችኝ፣ «የሚጎዳው ከተነሳ ግን ይጠገናል።» እኔም ከዚህ በኋላ ምንም አልልክልሽም፤ የላክሁልሽ እንደሆነ በመጀመሪያ ለሐኪሙ ይታይ።

ለፋሲካ ልምጣ? ከሥራ ፈቅደውልኛል። ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ ግን ለጋሽ ፈዬራ ንገሪያቸው፣ እሳቸው ይንገሩኝ። ከእሳቸው ከሰማሁት አይከፋኝም።

ጌታ ቁስልሽን ይዳብስልሽ። ሳልሰማሽ የቀረሁበትን ጊዜ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም ይቅር በይኝ። እህል ሳትቀምሺ ምንም እንዳትውጪ።

ጉልበትሽን እስማለሁ፤ ምርቃትሽን እጠብቃለሁ።

ልጅሽ